የፍልሰታ ውርወራ

ባለፈው ቅዳሜ የመጥረጊያዬ እንጨት ሊሰነጠቅ ሲል ነጭ ናስትሮ ገዝቼ ጠቀለልኩበት። አዲስ ናስትሮ ከጥቅሉ ሲላቀቅ ያ ጎማ ጎማ፣ ሙጫ ሙጫ የሚል ሽታው አፍንጫዬን መታኝና እጄ እኔን ሳያማክር መጥረጊያውን አሽከረከረው። የወጥ ቤቱ አምፖል ለጥቂት ተረፈ። ባለቤቴ ከሳሎን ሆኖ "ምን ሰበርሽ?" አለኝ። "ገና ምንም" አልኩት።

ያ ሽታ ለእኔ የአንድ ነሐሴ ሽታ ነው። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። አሜሪካ፣ ጆርጂያ፣ ስኔልቪል የምትባል ከተማ ውስጥ ከጀርባው ጥድ ያለበት ቤት ነበረን፤ አባዬ ዳውንታውን፣ መሃል ከተማ፣ መኪና ማቆሚያ ይሠራል፤ እማዬ ደግሞ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎችን ስታነሳና ስታስተኛ ትውላለች። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ልገባ ነው። ገና ሳልገባም፣ በክረምቱ እረፍት፣ ከለር ጋርድ ሆኜ ተመረጥኩ።

ከለር ጋርድ ማለት ምን እንደሆነ ለአባዬ ለማስረዳት አንድ ሙሉ እራት ፈጅቶብኛል። አሜሪካኖቹ እግር ኳስ በሚሉት በዚያ በእጅ በሚጫወቱት ጨዋታ እረፍት ላይ የትምህርት ቤቱ ባንድ እየነፋና እየደለቀ ሜዳ ይወጣል። ከባንዱ መካከል ደግሞ ከቁመታቸው የሚበልጥ እንጨት ላይ የተሰፋ የሐር ባንዲራ እያሽከረከሩ የሚጨፍሩ ልጆች አሉ። እነሱ እኛ ነን።

"ባንዲራው የማን አገር ነው?" አለኝ አባዬ።

"የማንም አገር አይደለም። ወይን ጠጅና ብርቱካን ነው። ለሙዚቃው እንዲሄድ ተብሎ ነው።"

"አገር የሌለው ባንዲራ!" አለና እማዬን አያት። "በይ እንግዲህ፣ ይህም ተገኘ።"

እንጨቱ ጫፍና ጫፉ ላይ እንዳያንሸራትት ናስትሮ ይጠቀለልበታል። የምትጠቀልልልን አሠልጣኛችን ሚስ ሬኔ ነበረች። ረጅም፣ ጠይም፣ አምሳውን ያለፈች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ጠዋት ጠዋት የጥርስ ሐኪም ቢሮ ስልክ ታነሳለች፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኛን ታሠለጥናለች። ትልቅ ነጭ ቫን ነበራት። እኔ እንደዚያ ያለ መኪና የሚነዳ ሰው ሀብታም መሆን አለበት ብዬ ስለ ቤቷ መዋኛ ገንዳ ሳይቀር አስብ ነበር። ቫኑ ግን በሩ ሲከፈት ውስጡ እንጨት፣ ጨርቅና የውሃ ጆግ ብቻ ነበር፤ ከሾፌሩ በቀር ለሰው የሚሆን ወንበር እንኳ አልነበረውም።

ጥቁር መነጽሯን አታወልቅም። ስለዚህ ማንን እንደምታይ አይታወቅም። እኔ ደግሞ እንደማታየኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ሌሎቹን በስማቸው እየጠራች "ትከሻ! አገጭ! ቤቢ፣ ይህ እጅ የማን ነው?" እያለች ስትጮህ እኔን ዝም ትለኛለች። ዝምታዋን ትታኛለች ብዬ ቆጠርኩት።

እንድትተወኝ የሚያደርግ ምክንያትም ነበረ። የትርዒታችን መጨረሻ ላይ ባንዱ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሁላችንም ባንዲራውን ወደ ሰማይ እንወረውራለን፤ አየር ላይ ዞሮ ሲመለስ ይዘን እንቆማለን። ሁሉም ይይዛሉ። የእኔ ግን አስፋልቱ ላይ ነው የሚያርፈው። የምንለማመደው የትምህርት ቤቱ መኪና ማቆሚያ ላይ ስለሆነ ደግሞ ሲወድቅ ድምፁ ለጎረቤት ሳይቀር ይሰማል። አንድ ቀን ግንባሬን መትቶኝ እንቁላል የሚያክል እብጠት አወጣሁ። እማዬ ማታ ቅቤ ልትቀባኝ ስትል ልምምድ ላይ ከጎኔ የምትቆመው ካይላ የነገረችኝን በረዶ ነው የመረጥኩት፤ ለዚያም ተቆጣችኝ።

ሚስ ሬኔ ስለ ውርወራው ለሁላችን የምትለው አንድ ነገር ነበር። "አትከተሉት። የወረወራችሁት ነገር የት እንደሚመለስ እጃችሁ ያውቃል። እጃችሁን ላኩና ጠብቁት።" እኔ ግን እከተለዋለሁ። ባንዲራው ወደ ላይ ሲሄድ እግሬ አብሮ ይሄዳል፤ ዶሮ እንደሚያባርር ሰው ወዲያና ወዲህ እላለሁ።

ታዲያ ሰው ሲያቅተው የሚሄድበት አለ። አንድ ምሽት ምግብ ጠረጴዛችን አጠገብ ከተሰቀለችው የእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆምኩና ተሳልኩ። "ይህን እንጨት ካስያዝሽኝ፣ መጪውን ፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾምልሻለሁ" አልኩ። ፍልሰታ ያው የልጆች ጾም ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ውስጥም ቤዛ የምትባል ልጅ ከዓመት በፊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደጾመች ስትነግረን የከረመችው ነገር ቆጭቶኛል። በአንድ ድንጋይ ሁለት ነገር ልመታ ነው።

በማግስቱ ያዝኩት።

እንዴት እንደያዝኩት አላውቅም። እጄን አየሁት፣ ባንዲራው አለ። ካይላ እየጮኸች አቀፈችኝ። ሚስ ሬኔ ራሷን ብቻ ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቀች። ከዚያ ወዲያ ብዙውን ጊዜ እይዘው ጀመር። በእኔ አስተሳሰብ ነገሩ ያለቀ ውል ነበር። እመቤታችን የድርሻዋን ፈጽማለች፤ የቀረው የእኔ ነው። ከበላሁ ይወድቃል፣ ከጾምኩ ይያዛል። እንዲህ ያለ ግልጽ ነገር በሕይወቴ ገጥሞኝ አያውቅም።

ፍልሰታ ሲገባ ትምህርት ተከፍቶ ነበር። ለእማዬ አልነገርኳትም። እሷ ለልጅ ሥጋና ወተት መተው ይበቃል ባይ ናት፤ ደግሞም ስለት ከተወራ ይፈርሳል የሚል የራሴ ሕግ ነበረኝ። ጠዋት ጠዋት ቁርሴን በእጄ ይዤ እየሄድኩ እበላለሁ ብዬ እወጣለሁ። የምትቋጥርልኝን ምሳ ካይላ ትበላዋለች። ካይላ የእማዬን ምስር ወጥ በወደደችበት ሁኔታ ማንም ሰው ምንም ነገር ሲወድ አላየሁም፤ የሳህኑን ክዳን ሳይቀር በእንጀራ ትጠርገው ነበር። እማዬ ማታ ባዶ ሳህን ስታይ "ጎሽ የኔ ልጅ" ትለኛለች።

ችግሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የሌላው ሰው ዘጠኝ ሰዓት በሰላም ይመጣል፤ የእኔ ዘጠኝ ሰዓት ልምምድ መሃል ነው የሚደርሰው። ከትምህርት በኋላ ልጆቹ ሁሉ መክሰስ ይበላሉ፣ እኔ የጫማዬን ማሰሪያ ደጋግሜ አስራለሁ። ከዚያ ልምምድ ይጀመራል፤ የጆርጂያ ፀሐይ ከላይ፣ የአስፋልቱ ግለት ከታች። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ልምምዱ ሲያልቅ ረሃቡ ራሱ ደክሞት ይተወኛል። ሚስ ሬኔ አንድ ሕግ ነበራት፤ "ያልበላ ልጅ ሜዳዬን አይረግጥም።" በየቀኑ "ሁላችሁም በልታችኋል?" ብላ ትጠይቃለች፣ ሁላችንም "የስ ማም!" እንላለን። የእኔ ድምፅ ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

አንድ ሐሙስ ውርወራውን ደጋግሜ ያዝኩ። ቀጥሎ አስፋልቱ ትንሽ ዘመም አለብኝና ሳልታዘዝ ቁጭ አልኩ። ሚስ ሬኔ መጣች። መነጽሯን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግንባሯ አወጣችው፤ ዓይኖቿ የደከሙና በጣም ደግ ነበሩ። ጥላ ሥር አስቀመጠችኝ፣ ውሃ አጠጣችኝ፣ ብስኩት ሰጠችኝ። ብስኩቱን ኪሴ ከተትኩት። ልምምዱ ሲያልቅ ልጆቹ እስኪሄዱ ጠብቃ ከቫኑ ጀርባ ጠራችኝና ከባድ የገበያ ከረጢት አስያዘችኝ።

"ለቤት ነው፤ ለእናትሽ ስጪያት" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ለማንም ማውራት አያስፈልግም። እሺ ቤቢ?"

ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። እነሆ ሳታየኝ ስታየኝ ኖራለች! ደጋግሜ በመያዜ ሸለመችኝ፤ ሌሎቹ እንዳይቀኑ ደግሞ በሚስጥር! ከረጢቱን እንደ ዋንጫ ታቅፌ ቤት ገባሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ተሸለምኩ!" አልኩ።

አባዬ አንድ በአንድ አወጣ። የታሸገ ባቄላ። ማካሮኒ። ሩዝ። የቱና ቆርቆሮ። ሌላ የታሸገ ባቄላ። "እንግዲህ አሜሪካ ስትሸልም እንደዚህ ነው" አለ። "በእኛ ጊዜ እስክሪብቶ ነበር የሚሰጡት። ይሄ ይሻላል።"

እማዬ ግን አልሳቀችም። ባቄላውን አንስታ አገላብጣ አየችው። የምትሠራበት ቦታ ጎን ያለ ቤተ ክርስቲያን ለተቸገሩ ቤተሰቦች እንዲህ ያለ ከረጢት ሲያድል ታያለች፤ እሷም ባዶ እጇን ሄዳ አታውቅም፣ የራሷን ሩዝ ትጨምርበታለች። ፊቷ ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁት።

"ሜላት" አለችኝ። "ይህቺ ሴትዮ ልጄ የሚበላ አጣች ብላ ነው።"

"አይ፣ ስለያዝኩ ነው የሸለመችኝ..."

"የእኔ ልጅ? ከእኔ ቤት?" አለች፤ እኔን አልሰማችኝም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከመናደዷ ማፈሯ ይበልጥ ነበር፤ ጉንጮቿን በሁለት እጇ ያዘች። ትንሽ ቆይታ ተነሣችና ትልቁን ድስት አወረደች። "ስንት ልጅ ናችሁ?" አለችኝ።

ቅዳሜ ልምምዱ ከጠዋት ነው። እኩለ ቀን ላይ የእማዬ መኪና እኛ የምንለማመድበት ቦታ ድረስ ዘልቆ መጣ። አባዬ ከኋላ ወንበር ሁለት ሰው የሚሸከመውን ትሪ ብቻውን አወጣ። ምስር፣ አልጫ፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት፣ ፎሶሊያ፤ የጾም በዓል ይመስል ነበር። ጥላ ሥር ተዘረጋ። እማዬ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳለች። ቀጥ ብላ ሚስ ሬኔ ጋ ሄደችና ጨበጠቻት።

"እኔ የሜላት እናት ነኝ" አለች በእንግሊዝኛ። "ቤታችን ፉድ አለ። ብዙ ፉድ አለ። ታንክ ዩ፤ አሁን ግን አንቺ ትበያለሽ።"

ሚስ ሬኔ ትሪውን አየች፣ እማዬን አየች፣ መልሳ ትሪውን አየች። ያለ ምንም ክርክር አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች። እማዬ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰቻት። ልጆቹ ተጋፍተው መጡ። ካይላ ከሁሉም ቀድማ በእጇ እንደ ሐበሻ ልጅ እየጠቀለለች "ሚስስ ጽጌ፣ ይሄ ቀዩ እኮ ከዕለት ዕለት እየጣመ ነው የሚሄደው" አለቻት።

የእማዬ እጅ ጉርሻ እንደያዘ ቆመ። "ከዕለት ዕለት?"

ካይላ እኔን አየችኝ። ዓይኔን በጣም አፍጥጬ ነበር፤ ያው አልገባትም። "አዎ፣ ምሳ ላይ ሜላት የምትሰጠኝ" አለች።

ሚስ ሬኔ የጎረሰችውን ዋጠች። "ቆይ" አለች፣ "ቤት ይህን የሚያህል ምግብ ካለ፣ ይህቺ ልጅ ለምንድን ነው የማትበላው?" ሁለቱም ሴቶች ወደ እኔ ዞሩ። አሠልጣኜ በአንድ በኩል፣ እናቴ በሌላ በኩል፤ የምሸሽበት ጠፋኝ። ስለቱን ነገርኳቸው፤ ለአንዷ በአማርኛ፣ ለአንዷ በእንግሊዝኛ፣ ሁለቱንም እያለቀስኩ።

እማዬ ሳቀች። ልቤ ተሰበረ። "እመቤታችንን በዚህ እንጨት አስቸገርሻት?" አለች።

ሚስ ሬኔ አልሳቀችም። "እኛም ቤተ ክርስቲያን እንጾማለን" አለችኝ። "ግን የምንጾመው በጃንዋሪ ነው። በጃንዋሪ ሰው በሙቀት አይወድቅም። ስሚኝ ቤቢ፤ ዓርብ የመጀመሪያው ጨዋታ ነው። እስከዚያ በየቀኑ በዓይኔ ፊት ትበያለሽ። ካልበላሽ ሜዳ አትወጪም።"

ዓርብ! አባዬ ለዚያ ዓርብ ፈቃድ ጠይቆ ነበር። ዓርብ ማታ ዳውንታውን ሰው በሙሉ የሚጎርፍበት ቀን ስለሆነ አባዬ ከዓርብ ሥራ ቀርቶ አያውቅም፤ ለእኔ ብሎ ሊቀር ነው። ካልበላሁ ሜዳ አልወጣም። ከበላሁ ደግሞ ስለቴ ይፈርስና ባንዲራው በአባዬ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ይወድቃል። ያን ዕለት መኪና ውስጥ እስከ ቤት ድረስ አለቀስኩ። እማዬ በመስታወቱ ታየኝ ነበር፤ መሳቋን ትታለች።

ቤት እንደገባን ለንስሐ አባታችን ደወለችላቸውና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ እንጨቱን፣ ሙቀቱን፣ ካይላን። አባ ደጋግመው ሳሉ። አሁን ሳስበው እየሳቁ የነበረ ይመስለኛል።

"ወለተ ማርያም" አሏት በክርስትና ስሟ። "በፀሐይ እየተቃጠለች የምትሮጥ ልጅ እስከ ዘጠኝ ትጹም ያለ የለም። ትብላ። የጾም ምግቧን ትብላ። ስለቱ ካስጨነቃት ግን ልጅ ናትና እናቷ ትፈጽምላት።"

ለእማዬ በዚያ ከባድ ሥራዋ ምክንያት አባ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ እንድትጾም ፈቅደውላት ነበር። "እሺ አባ" አለች። ስልኩን ዘጋችና ወደ እኔ መጣች። እጇን ዘረጋች፤ በእውነት የሚቀበል ሰው እንደሚዘረጋ።

"ስለትሽን አምጪ" አለችኝ። "አንቺ ብዪ። ዘጠኝ ሰዓቱ የእኔ ነው።"

በእጄ ምንም አልነበረም፤ ሆኖም መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ጨበጠችው። እንዴት እንደቀለለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

ያን ሳምንት በየቀኑ ከልምምድ በፊት ሚስ ሬኔ ቫኗ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስበላ ታየኛለች። እማዬ ለእሷም ስለምትቋጥርላት አብረን ነው የምንበላው። "በፊት ለምን ነበር ስሜን የማትጠሪው?" ብዬ የጠየቅኳት ያኔ ነው። ማኘኳን አቆመች። "ትከሻሽ ከመጣሽበት ቀን ጀምሮ ልክ ነበር። ምን ብዬ ልጥራሽ?" አለችኝ። እኔ ደግሞ ሙሉ ክረምት አዝኜ ነበር።

ዓርብ ሲመሽ የሜዳው መብራት በራ። ፊታችን ላይ ብልጭልጭ ተቀብተናል። ባንዱ ከኋላችን ሲነፋ አጥንቴ ድረስ ይሰማኛል። ከመቀመጫዎቹ መካከል አባዬን ወዲያው አገኘሁት፤ ከሁሉም ሰው መካከል ብቻውን ኮትና ክራቫት ያደረገ እሱ ነው። አጠገቡ እማዬ፣ ከሥራ በቀጥታ መጥታ፣ በሥራ ልብሷ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋለች።

ሙዚቃው ጸጥ አለ። ወረወርኩት። ጨርቁ መብራቱ ውስጥ ሲዞር ወይን ጠጁ ጥቁር መሰለ። እግሬ ሊከተል ፈለገ፣ ከለከልኩት። እጄን ላክሁና ጠበቅሁ። እንጨቱ መዳፌ ላይ ጧ ብሎ ተመለሰ፤ ባንዱ እንደገና ፈነዳ፣ ሕዝቡ ጮኸ፣ ሚስ ሬኔ ከሜዳው ዳር መነጽሯን በሌሊት አድርጋ ስትዘል አየኋት።

ሲያልቅ ባንዲራዬን እንደያዝኩ አጥሩ ጋ ሮጥኩ። አባዬ የክራቫቱን ጫፍ ይዞ ዓይኑን እየጠረገ ነው። "አየሽኝ?" አልኳት እማዬን።

"ያዝሽው?" አለችኝ።

"አላየሽኝም እንዴ!"

"ስትወረውሪው ዓይኔን ጨፈንኩ። እየለመንኩ ነበር።"

ተናደድኩ። ያ ሁሉ ነገር ሆኖ አላየችኝም! ልጮህባት አፌን ስከፍት ግን ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቆ አየሁት። በሕይወቴ ሙሉ እሷ ስትጠይቀኝ የኖረችውን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ጠየቅኋት።

"እማዬ፣ በልተሻል?"

ወደ አባዬ ዞረች፤ እሱ ወደ ሜዳው ዞረ። "ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልበላ ነበር" አለች፣ እንዳጠፋ ልጅ። "ኋላ ግን ጨዋታው ማታ ነው ብዬ አሰብኩ። ምናልባት በልቼ ቢወድቅብሽስ? በእኔ ምክንያት ይሆናል ብዬ ፈራሁ።"

የሳቀችብኝ እሷ ናት! እንደ እኔው አምናበት ቀኑን ሙሉ እህል ሳትቀምስ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ ውላለች። እንደዚያን ምሽት ወድጃት አላውቅም፤ ነግሬያታለሁም፣ አጥሩን ተሻግሬ አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ።

መኪናችን ጋ ስንደርስ አባዬ ለእራት የቋጠረችውን አውጥቶ በሩን ከፍቶ አስቀመጣት። መጀመሪያ ትንሽ ቆረሰች፣ ቀጥሎ ትልቅ። እኔ መብራቱ ሥር ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

"አሁን እየበላሽ እዪ" አልኳት። "ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ።"

"አልጨፍንም" አለች በሞላ አፏ፤ ዓይኗን እስከቻለችው ድረስ አፈጠጠች።

ወረወርኩት። አስፋልቱ ላይ ሲወድቅ ድምፁ ማቆሚያውን ሞላው። እኔ የማየው ባንዲራውን ሳይሆን እሷን፣ ስትበላ፣ ነበር።